ከብራና እስከ ታፔላ፦ ቁም ጽሕፈት፣ የጎቲክ ፊደልና ትልልቅ ጽሑፎቻችን

መግቢያ

እንደሚታወቀው በትምህርት ክፍላችን ስለ ፊደል አቀራረጽ ስንማር አብዛኞቹ ምሳሌዎች ከላቲኑ ፊደል የተወሰዱ ናቸው። ሰሪፍ ያለው፣ ሰሪፍ የሌለው፣ የእጅ ጽሑፍ መሰል፣ ጎቲክ እያልን እንከፋፍላለን፤ ፈተናውንም እናልፋለን። ከግቢ ወጥተን ታክሲ ስንይዝ ግን ከመገናኛ እስከ ኮተቤ፣ ከሾላ እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ግራና ቀኛችንን የሚሞላው ጽሑፍ በአብዛኛው በራሳችን ፊደል የተጻፈ ነው። ታዲያ ያ የተማርነው ትምህርት እዚህ ጋ ምን ይሠራልናል?

በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው አንድ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ ብላክሌተር፣ በእኛ አነጋገር ደግሞ የጎቲክ ፊደል የሚባለው ወፍራምና ጥቁር የአውሮፓ ጽሕፈት ከእኛ የብራና ቁም ጽሕፈት ጋር በምን ይመሳሰላል፣ በምንስ ይለያል፣ ከዚህ ንጽጽርስ ታፔላ፣ ባነርና ፖስተር ለምንሠራ ተማሪዎች ምን ትምህርት ይገኛል የሚል ነው። ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረገኝ ግን መጽሐፍ ሳይሆን የራሴ ስሕተት ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

1. የተበላሸው ባነር

ለጥር 12 የሚካኤል በዓል የሰፈራችን ወጣቶች ባነር ሊያሠሩ ተነሡ። «አንተ ዲዛይን ትማር የለ እንዴ?» አሉኝና ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። በጊዜው የጎቲክ ፊደል በጣም ይማርከኝ ነበር። በቲሸርት ላይ፣ በውጭ ጋዜጦች አናት ላይ፣ በሚኒባስ የኋላ መስታወት ላይ ያየሁት ያ ጥቁርና ስለታም መልክ ክብደት አለው፤ «ጥንታዊ ነኝ» የሚል ይመስላል። ለበዓል ባነር ከዚህ የተሻለ ምን አለ ብዬ የእኛን ፊደል ወደዚያ መልክ ልለውጥ ተነሣሁ። ክቡን ሁሉ ሰበርኩት፣ እግሮቹን አወፈርኩ፣ ፊደሎቹን እርስ በርስ አጠጋጋሁ። በኮምፒዩተሩ ላይ በጣም አምሮ ነበር።

ባነሩ ታትሞ ከተሰቀለ በኋላ አንዲት የሰፈራችን እናት ከሥሩ ቆመው ረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ይሄ የማን አገር ጽሑፍ ነው?» አሉኝ። አማርኛ መሆኑን ስነግራቸው መነጽራቸውን አስተካክለው እንደገና ሞከሩ፤ «ሚካ... ኢል» ብለው አነበቡ። ዞር ብዬ ሳይ እውነታቸውን ነው። «ኤ» ላይ ያለው ቀለበት ባወፈርኩት መስመር ተደፍኖ የ«ኢ» እግር መስሏል። ለመልአኩ በዓል የመልአኩን ስም አበላሽቼ ሰቅያለሁ ማለት ነው። ሴትዮዋ ፊደል የቆጠሩ፣ ዳዊት የሚደግሙ ናቸው። ስለዚህ ጥፋቱ የአንባቢው ነው ለማለት እንኳ መውጫ አልነበረኝም። በቃ፣ የእኔ ነው።

2. የጎቲክ ፊደል ከየት መጣ?

የጎቲክ ፊደል መነሻው ብዕር ነው። በመካከለኛው ዘመን የምዕራብ አውሮፓ ጸሐፊዎች ጫፉ ሰፋ ተደርጎ በተቆረጠ ብዕር ይጽፉ ነበር። እንዲህ ዓይነት ብዕር በአንድ አቅጣጫ ሲጎተት ወፍራም፣ በሌላ አቅጣጫ ሲጎተት ቀጭን መስመር ያወጣል። ቦታ ለመቆጠብ ፊደሎቹን ሲያጠብቡና ክቡን በአጫጭር ቀጥታ ምት ሲተኩት ገጹ ጠቆር ያለ፣ ጥቅጥቅ ያለ መልክ ያዘ። በጥቅሉ አራት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት፦ ቴክስቱራ፣ ሮቱንዳ፣ ሽቫባኸርና ፍራክቱር። ጉተንበርግ እ.ኤ.አ. በ1455 ገደማ ያተመው መጽሐፍ ቅዱስ በቴክስቱራ ነው፤ የሕትመት ፊደሉም በእጅ የተጻፈውን መጽሐፍ እንዲመስል ሆኖ የተቀረጸ ነበር።

ቀስ በቀስ ከጣሊያን የተነሣው ክብና ክፍት የሮማ ፊደል አብዛኛውን አውሮፓ ያዘ። ጀርመን ግን በጎቲኩ ጸናች። ፍራክቱር የሚባለው ዓይነት በንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ቀዳማዊ ዘመን የተወለደ ሲሆን እስከ 20ኛው መቶ ዘመን ድረስ የጀርመን መጻሕፍትና ጋዜጦች ፊደል ሆኖ ቆይቷል። መጨረሻው ደግሞ አስገራሚ ነው። የናዚ መንግሥት ለረጅም ጊዜ «የጀርመን ፊደል» እያለ ሲያወድሰው ቆይቶ ጥር 3 ቀን 1941 እ.ኤ.አ. ማርቲን ቦርማን በፈረመበት መመሪያ «የአይሁድ ፊደል ነው» ብሎ ከሥራ እንዲወጣ አዘዘ። ይህ አባባል ፈጽሞ ሐሰት ነው። መመሪያው የተጻፈበት ወረቀት አናት ራሱ በጎቲክ ፊደል የታተመ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ይበልጥ አስቂኝ ያደርገዋል።

ዛሬ በጎቲክ ፊደል ሙሉ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። የቀረው ለትልልቅ ጽሑፍ ነው፦ ለኒው ዮርክ ታይምስና ለዋሽንግተን ፖስት የስም ራስጌ፣ ለዲፕሎማ ወረቀት፣ ለቢራ ጠርሙስ፣ ለሙዚቃ አልበም ሽፋን። እዚህ ቦታዎች ላይ አንባቢው ፊደል በፊደል አያነብም፤ መልኩን አይቶ ያውቀዋል። ቃሉ ሁለትና ሦስት ብቻ ነው፤ ደጋግሞም አይቶታል። እንግዲህ የጎቲክ ፊደል ለታፔላና ለርእስ የሚሠራው ለንባብ ስለሚመች ሳይሆን ዘመንንና ክብርን በአንድ እይታ ስለሚናገር ነው። በነገራችን ላይ ጎቲኩ ሙሉ በሙሉ በትልቁ ፊደል ብቻ ሲጻፍ ባለቤቶቹም ለማንበብ ይቸገራሉ። በመምህራን ዘንድ እንደ ስሕተት የሚቆጠረውም ለዚህ ነው።

3. የእኛ ቁም ጽሕፈት

በአክሱም በንጉሥ ዒዛና ዘመን፣ ማለትም በ4ኛው መቶ ዘመን፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸው ግዕዝ መስመሩ ከሞላ ጎደል እኩል ውፍረት አለው። መሮ ወፍራምና ቀጭን ብሎ አይለይም። ጽሕፈቱ ወደ ብራና ሲመጣ መሣሪያው መቃ ሆነ፤ መልኩም አብሮ ተለወጠ። በአድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ወንጌሎች ብራናቸው በካርቦን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚወድቅ ታውቋል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መቃና ብራና ፊደላችንን ሲቀርጹት ኖረዋል ማለት ነው።

የብራና ሥራ ረጅም ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይወጠራል፣ ይፋቃል፣ ይለሰልሳል፤ በወስፌ ተወግቶ ይሰመራል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አስቀምጦ የሚጀምረው። በዚህ ጽሕፈት ወደ ታች የሚወርደው እግር ወፍራም፣ አግድም የሚሄደው መስመር ቀጭን ነው። የእግሩ ጫፍ ሰያፍ ሆኖ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ፊደል ራሱን ችሎ ይቆማል፤ ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም። «ቁም» መባሉም ቀጥ ብሎ ከመቆሙ ጋር ይሄዳል። የጽሕፈት ታሪክ አጥኚዎች በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዘመን የነበሩትን ዓይነቶች ሲለዩ ትልቁንና ደማቁን ጉልሕ፣ ትንሹንና ቀጭኑን ረቂቅ ይሏቸዋል። እኛ «ለርእስ የሚሆን» እና «ለንባብ የሚሆን» እያልን ከምንለየው ጋር በትክክል አንድ ባይሆንም፣ አባቶቻችን መጠንና ክብደት የጽሑፉን ድምፅ እንደሚለውጥ ያውቁ እንደነበር ያሳያል።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ፊደላችን እንደ ላቲኑ ትልቅና ትንሽ የሚባል ጥንድ የለውም። ታዲያ ጸሐፊው የሚጎላውን ነገር በምን ያጎላ ነበር? የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም በመጻፍ፣ የመጽሐፉን መክፈቻ መስመሮች ቀይና ጥቁር እያፈራረቀ በማውጣት፣ ከላይ ሐረግ በመሳል፣ በሰፊ ኅዳግ። ማጉያው ከፊደሉ ውጭ ነበር ማለት ነው፤ ፊደሉን ራሱን አያጣምመውም። ይህን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

4. የ1513 ዓመት ሁለት መጻሕፍት

ሁለቱን ጽሕፈቶች ሳነጻጽር አንድ ዓመት በጣም ገረመኝ፤ 1513 እ.ኤ.አ.። በዚያ ዓመት በአውግስቡርግ ከተማ ለንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን የጸሎት መጽሐፍ ታተመ። ፊደሉም የፍራክቱር አባት ተብሎ የሚቆጠር ነው። በዚያው ዓመት በሮም ከተማ የመጀመሪያው የግዕዝ ሕትመት መዝሙረ ዳዊት ወጣ። ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ሰው ሲሆን ቋንቋውን የተማረው በሮም ቅዱስ እስጢፋኖስ ይኖሩ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ቋንቋውን «ከለዳዊ» ብሎ በስሕተት ቢጠራውም ፊደሉ የእኛው ነው። ከዚያ በኋላ በ1548 እና 1549 እ.ኤ.አ. አባ ተስፋ ጽዮን እዚያው ሮም ሐዲስ ኪዳንን አሳተሙ።

ሁለቱም ፊደሎች ከእጅ ወደ እርሳስ የተሻገሩት የብዕሩን መልክ እንደያዙ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን መንገዳቸው ተለያየ። ጎቲኩ የሮማ ፊደል የሚባል ተቀናቃኝ ነበረው፤ አንባቢው ወደዚያ ሲሄድ ጎቲኩ እንግዳ ሆነ፣ እንግዳ ስለሆነም ጌጥ ሆነ። የእኛ ፊደል ግን ተቀናቃኝ አልመጣበትም። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ በ1917 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ሲወጣ፣ በ1933 ዓ.ም. አዲስ ዘመን ሲጀመር የታተመው ፊደል ከብራናው የወረደ ነው። ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ሰው ጋዜጣ ለማንበብ ሌላ ፊደል መማር አላስፈለገውም።

ስለዚህ ልዩነቱ ይህ ነው፦ ጎቲክ ለአውሮፓዊ አንባቢ የተረሳ ፊደል ነው፤ ቁም ጽሕፈት ለእኛ አንባቢ ሕያው ፊደል ነው። እኔ የሠራሁት ስሕተት የተረሳውን ሰው መልክ ወስጄ በሕያው ሰው ፊት ላይ እንደ ጭምብል ማጥለቄ ነበር። ክብደትና ጥንታዊነት ፈልጌ ከሆነ እዚሁ በደጃችን ነበረልኝ። እንጦጦ ማርያም፣ እንጦጦ ራጉኤል፣ የካ ሚካኤል፤ የትኛውም ደብር ገብቶ በቅዳሴ ሰዓት የሚነበበውን መጽሐፍ ማየት ይበቃ ነበር። ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም፣ በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ወመዘክርም ሩቅ አይደሉም።

5. ፊደላችን ሲወፍር ምን ይሆናል?

እዚህ ላይ የትምህርቱ ዋና ነጥብ ይመጣል። የላቲን ፊደል ሲወፍር ብዙ ጊዜ ውበቱ ቢጎዳም ፊደልነቱ አይጠፋም። በእኛ ፊደል ግን ሁለት ነገሮች በትንንሽ ምልክቶች ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

አንደኛው አናባቢው ነው። እስቲ «በ»ን እንውሰድ። «ቡ» ላይ ምልክቱ በቀኝ እግር ወገብ ላይ አጭር መስመር ነው። «ቢ» ላይ ያው መስመር ወደ እግሩ ጫፍ ይወርዳል። «ቤ» ላይ እዚያው ጫፍ ላይ ቀለበት ይሆናል። ሦስቱን የሚለየው የምልክቱ ቦታና ውስጡ ክፍት መሆኑ ብቻ ነው። ውፍረት ሲጨመር የቀለበቱ ውስጥ ይደፈናል፤ «ቤ» ወደ «ቢ» ይጠጋል። ፊደሉ ከላይ ወደ ታች ሲጨፈለቅ ደግሞ የወገቡና የጫፉ ምልክት ይቀራረባሉ፤ «ቢ» ወደ «ቡ» ይጠጋል። «ቡና ቤት» የሚለው ጽሑፍ ሁለቱንም አደጋ በአንድ ላይ ይዟል።

ሁለተኛው በአናት ላይ የሚደረገው መስመር ነው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ የሚለያዩት በዚህ ነው። አናቱ ሲወፍር መስመሩ ከፊደሉ አካል ጋር ይዋሃዳል። ያኔ ሾላ «ሶላ»፣ መገናኛም «መገናና» ይሆናሉ። ፀ እና ዐም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱን የሚለየው በክቡ ውስጥ ያለው መስመር ነው፤ ክቡ ሲደፈን ሁለቱም ጥቁር ነጥብ ይሆናሉ።

የሰፈር ሰው ቃሉን ስለሚያውቀው ሊገምት ይችላል። የክሊኒክ፣ የመድኃኒት ቤት ወይም የሰው ስም ሲሆን ግን ግምት አይሠራም። ገጠር ሄዶ የመጣ እንግዳ፣ ታማሚ ይዞ የሚሮጥ ሰው፣ ዓይኑ የደከመ አዛውንት ታፔላውን የሚያነበው ለመደነቅ ሳይሆን ለመድረስ ነው። እኛ ተማሪዎች ይህን ብዙ ጊዜ እንረሳዋለን።

6. ከታፔላ ጸሐፊው የተማርኩት

ባነሬ ከተበላሸ በኋላ ሾላ አካባቢ በእጃቸው ታፔላ ሲጽፉ የኖሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄድኩ። ዲጂታል ሕትመት ከመጣ ወዲህ ሥራቸው ቀዝቅዟል፤ አሁን አልፎ አልፎ የመኪና ታርጋ ማደስና በላሜራ በር ላይ ቁጥር መጻፍ ነው የቀራቸው። የባነሩን ፎቶ አሳየኋቸው። ትንሽ ሳቅ አሉና፣

«በምን ቡርሽ ነው የጻፍከው?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ በኮምፒዩተር ነው» አልኳቸው።

«እሱን አውቃለሁ። ውፍረቱን በምን መረጥከው ማለቴ ነው።»

«እግሩ እንዲያምር ብዬ...»

«ስሕተትህ እሱ ነው። ቡርሽን በእግሩ አይደለም የምትመርጠው፣ በቀለበቱ ነው። መጀመሪያ ጽሑፉ ውስጥ ትንሿን ቀለበት ፈልግ። እሷ ውስጧ ሳይደፈን በየትኛው ቡርሽ ትጻፋለች? ሙሉውን በዚያ ጻፍ። እግሩ ወፍራም እንዲሆንልህ ከፈለግህ ፊደሉን አሳድግ እንጂ ቡርሹን አታሳድግ።»

ከዚያ በስፓጎ ሁለት መስመር አሰምረው፣ በጠፍጣፋ ቡርሽ «ሚካኤል» ብለው ጻፉልኝ። እግሮቹ ወፍራም፣ አግድሙ ቀጭን፣ የ«ኤ» ቀለበት ደግሞ ከሌላው መስመር ቀጠን ብላ፣ ውስጧ ነጭ ሆና ወጣች። ልክ ብራና ላይ እንዳለው። እሳቸው ብራና ጽፈው አያውቁም፤ ነገር ግን ጠፍጣፋው ቡርሽ የመቃውን ጠባይ ስለያዘ እጃቸው እዚያው ደርሷል። እኔ በሦስት ዓመት ትምህርት ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሰጡኝ።

ነገሩን በቁጥር ብናየው እንዲህ ነው። እንበል ፊደሉ ቁመቱ 25 ሳንቲ ሜትር፣ ቀለበቱ ከውጭ ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር ነው። መስመሩ 1.5 ሳንቲ ሜትር ከወፈረ ከሁለቱም ወገን 3 ይወሰድና በውስጡ 2 ሳንቲ ሜትር ነጭ ይቀራል። መስመሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ግን ውስጡ ባዶ ዜሮ ነው፤ ቀለበት የለም። በ25 ሳንቲ ሜትር ፊደል ላይ የአንድ ሳንቲ ሜትር ልዩነት ፊደሉን ወደ ሌላ ፊደል ይለውጠዋል።

7. ኮምፒዩተሩ የሚያመጣው ጣጣ

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን መሣሪያ እንምጣ። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በሦስተኛው እትም ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ አቀማመጥ ያስቀምጠው ስለነበር በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆን ነበር። ያ ችግር በአብዛኛው ተቃሏል። ሌላው ችግር ግን አለ፤ የውፍረት ነገር።

ኒያላና አቢሲኒካ የተባሉት ፎንቶች የብዕሩን ጠባይ የያዙ፣ ለንባብ የሚመቹ ናቸው። ነገር ግን የተዘጋጁት በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። የማወፈሪያውን ቁልፍ ስንጫን ሌላ የተቀረጸ ፊደል አይመጣም፤ ኮምፒዩተሩ ያለውን ፊደል ዙሪያውን እኩል ያሳብጠዋል። እግሩም፣ አግድሙም፣ ቀለበቱም እኩል ያብጣሉ። ቀጭኑ መስመር ቀጭንነቱን ያጣል፣ ቀለበቱ ይደፈናል። ሰው በእጁ ሲያወፍር ግን እንዲህ አያደርግም፤ እግሩን አወፍሮ ቀለበቱን ይጠብቃል። ኖቶ ሰንስ ኢትዮፒክን የመሰሉ ፎንቶች በተለያየ ውፍረት ተቀርጸው የወጡ ስለሆኑ ወፍራም ርእስ ካስፈለገን ከእነዚህ መምረጥ ይሻላል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው ሁለተኛው ልማዳችን ፊደልን መወጠርና መጭመቅ ነው። ቦታው ሰፊ ሲሆን ጽሑፉን በጎን ይዘን እንጎትተዋለን። ያኔ እግሩ ከመጠን በላይ ይሰፋል፣ አግድሙ እንዳለ ይቀራል። የሚሻለው የፊደሉን መጠን መለወጥ ወይም በቃላቱ መካከል ያለውን ክፍተት ማስተካከል ነው።

8. መቼ ቁም ጽሕፈት፣ መቼ ሌላ?

ይህን ሁሉ ስል ሁሉም ታፔላ የብራና መልክ ይኑረው ማለቴ አይደለም። ጎቲክ ለጋዜጣ ራስጌ ሲያምር ለአውቶቡስ ፌርማታ እንደማይሆን ሁሉ ቁም ጽሕፈትም ቦታ አለው። ለበዓል ባነር፣ ለመጽሐፍ ሽፋን፣ ለምስክር ወረቀት፣ ለባህል ምግብ ቤት ይሄዳል። ለሞባይል ጥገና ወይም ለጎሚስታ ግን ቀልድ ይመስላል። ደግሞም የብራና መልክ ሲታይ ለብዙ ሰው የሚመጣለት ቤተ ክርስቲያን ነው። ፊደሉ የሁላችን ቢሆንም መልኩ የሚያስታውሰው ነገር ስላለ ለማን እንደምንጽፍ ማሰብ ያስፈልጋል።

በውጭ አገር ያሉ አንዳንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የላቲኑን ፊደል ግዕዝ አስመስለው ስማቸውን ይጽፋሉ። ያም የእኔን ባነር የተገላቢጦሽ ነው፤ ለዓይን ይጥማል፣ ለማንበብ ግን ያስቸግራል።

በሥዕል ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1972 እ.ኤ.አ. የጨረሰው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ፊደልን ሰባብሮ፣ አዛብቶና ዘርግቶ የሥዕሉ ዋና ጉዳይ አድርጎታል። እዚያ ተመልካቹ እንዲያነብ አይጠበቅበትም። በፊደል ጥበብ የሚታወቀው ይገዙ ብስራት ደግሞ የፊደሉን ማንነት ሳይነካ አዲስ መልክ ሊሰጠው እንደሚችል አሳይቷል፤ ዛሬ በስሙ የተሰየመ ዲጂታል ፎንት አለ። ሁለቱም መንገድ ያስከብራል። የእኔ ስሕተት የሠዓሊውን ነጻነት ወስጄ በታፔላ ሥራ ላይ ማዋሌ ነበር።

9. ለልምምድ የሚሆኑ ነጥቦች

ለክፍል ጓደኞቼ የሚጠቅሙ ናቸው ያልኳቸውን እንዲህ አሳጥሬ አቀርባለሁ።

ሀ. ትንሿን ቀለበት ፈልጉ። ውፍረቱን በእሷ ወስኑ።

ለ. ርቀቱን አስቀድማችሁ ለኩ። የላቲን ታፔላ ሠሪዎች በልምድ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል የፊደል ቁመት ይሰጣሉ። በዚህ ስሌት ከ30 ሜትር ለሚነበብ ጽሑፍ 25 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የእኛ ፊደል መለያው ትንሹ ምልክት ስለሆነ ይህን እንደ መነሻ እንጂ እንደ በቂ አትውሰዱት።

ሐ. «ቡና ቤት»፣ «ሾላ»፣ «መገናኛ»፣ «ሚካኤል» የሚሉትን ቃላት በመረጣችሁት ፎንት ጽፋችሁ አሳንሳችሁ አትሙና ከሩቅ እዩአቸው። አንዱ ከተደናገረ ፎንቱ ለታፔላ አይሆንም።

መ. ሥራውን ላልሠራው ሰው፣ በተለይም ለትልቅ ሰው አሳዩ። «ያምራል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምን ይላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሠ. ማጉላት ስትፈልጉ መጀመሪያ ቀለምን፣ ክፍተትን፣ ኅዳግንና ሐረግን ሞክሩ። ከላይ እንዳልኩት አባቶች ያጎሉት ከፊደሉ ውጭ ባለው ነገር ነው።

ማጠቃለያ

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚወስደውን ጨምሮ የብዙ መንገዶቻችንን ገጽታ ቀይሯል። በእጅ የተጻፉ አሮጌ ታፔላዎች ወርደው በስቲከርና በላይት ቦክስ ተተክተዋል። አዲሱ ንጹሕ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከወረዱት ጋር ቀለበቱን ማን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው እጅም አብሮ እየወረደ ነው። ያን ዕውቀት ተቀብሎ ወደ ኮምፒዩተሩ ማስገባት የሚችለው ሌላ ማንም ሳይሆን እኛ ነን። ስለዚህ ሦስት ሰዓት ጎቲክን ከተማርን አንድ ሰዓት ብራና ፊት፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ታፔላ ጸሐፊ አጠገብ ብንቀመጥ መልካም ነው እላለሁ። ለመምህራኖቻችንም ይህ ሐሳብ በትምህርት ዕቅዱ ውስጥ እንዲታይ በትሕትና አቀርባለሁ።

በሚቀጥለው ጥር ባነሩን እንደገና ሠራሁት። በቁም ጽሕፈት፣ ስሙ በቀይ፣ የቀረው በጥቁር፣ ዙሪያው ሰፊ ነጭ። ሴትዮዋ ከታች ሆነው ቀና ብለው አዩና ሳይቆሙ አነበቡት። ስለ ፊደሉ ምንም አላሉኝም። «እንኳን አብሮ አደረሰን» ብለውኝ ወደ ደጀ ሰላሙ አለፉ።